የአክስቴ ባለ 11 ኢንች ላፕቶፕ ሊኑክስ ይችላል?

መነሻ ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። አክስቴ ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ራፖር ጸሐፊ ናት። ማመልከቻ፣ ክስ፣ መልስ፣ ይግባኝ፣ ምን ያልጻፈችው አለ። የምትጽፍበት ላፕቶፕ ትንሽ ነው፤ ባለ 11 ኢንች። ራሙ 2 ጊጋ፣ ማከማቻው 32 ጊጋ። ያለው ዊንዶውስ 10 ነው። ጠዋት ትከፍተውና ቡና ልትጠጣ ትሄዳለች። አቦሉን ጠጥታ ስትመለስ ክቡ ገና እየተሽከረከረ ነው። አፕዴት ልጫን ይላል፣ ቦታ የለኝም ይላል፣ ተመልሶ ደግሞ ልጫን ይላል።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ነፃ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋ ራምና 64 ጊጋ ማከማቻ ይፈልጋል። እኛ ያለን በሁለቱም በኩል ግማሹ ነው። አዲስ ላፕቶፕ መግዛት አሁን አይታሰብም። ስለዚህ በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራውን ነፃ ሲስተም፣ ሊኑክስን ልጭንበት ብዬ፣ ከዓይነቶቹ አንዱን ዑቡንቱን ፍላሽ ላይ አዘጋጀሁ። ላፕቶፑ ፍላሹን ጭራሽ አያየውም። ባዮስ የሚባለው የማስነሻ ቅንብር ገብቼ፣ ያልታወቀ ሲስተም እንዳይነሳ የሚከለክለውን ሴኪዩር ቡትን አጠፋሁ፤ ፍላሽ ቀየርኩ፤ ወይ ፍንክች። ያው ፍላሽ የእኔ ላፕቶፕ ላይ ሲሰካ ግን ይነሳል። ችግሩ ምንድን ነው? የትኛውንስ ልጫን?

(ከዚህ በኋላ መልሶቹ 32 ደረሱ። መጨረሻው ምን ሆነ እያለ ኢንቦክስ የሚመጣው ሰው ስለበዛ፣ ቁጥራቸውን ጠብቄ በራሴ አማርኛ ላውጋችሁ።)

መልስ 1

የመጀመሪያው ሰው ጨዋ ነው። ለአክስቴ ጤና ተመኝቶ ሊኑክስ ሚንት እንድጭን መከረኝ። እሱ ራሱ ለዓመታት ተጠቅሞበት አንድም ቀን እንዳላስቸገረው ጻፈ። ፍላሹ ለምን አልታየም የሚለውን ግን ዘሎታል።

መልስ 2

በ1 ተስማማ፤ ሆኖም ሚንት ብሎ ማለፍ እንደማይበቃ አከለበት። ዋናው ከላይ የሚታየው ገጽታ ነው፤ ለ2 ጊጋ ራም ቀለል ያሉትን ኤክስኤፍሲኢ ወይም ኤልኤክስኪውቲ እንጂ ከባዱን ኖም እንዳልሞክር አስጠነቀቀኝ። ልክ ነበር። በኋላ ሳየው ኤክስኤፍሲኢ ምንም ሳይከፈትበት ወደ 600 ሜጋ ብቻ ነው የያዘው። ብሮውዘር ሲከፈት ግን ሌላ ወሬ ነው። ራም የሚበላው እሱ ነው፤ እዚያ ላይ ሊኑክስም አያድንም።

መልስ 3

ይሄኛው እንደ ዳኛ ነው የፈረደው። ላፕቶፑ 32 ቢት ስለሆነ 64 ቢት ሊኑክስ አይቀበልም፤ ዑቡንቱ ደግሞ 32 ቢት ማውጣት ካቆመ ቆይቷል፤ ስለዚህ አርጅቷልና ተወው። ስለ ፕሮሰሰሩ አንድም ጥያቄ አልጠየቀኝም።

መልስ 4 እና 5

አንዲት ልጅ መጣችና የፕሮሰሰሩን ስም ሳያዩ መፍረድ ምን የሚሉት ነው አለች፤ አነጋገሯ 3ን ሳይጠራ የሚወጋ ነበር። 5 እኔ ነኝ። ላፕቶፑን ገልብጬ፣ ሲስተም ኢንፎ ከፍቼ አየሁት። ኢንቴል አተም ዜድ3735ኤፍ።

መልስ 6

ነገሩ የተፈታው እዚህ ላይ ነው። የጻፈው ከካዛንቺስ ነው፤ ላፕቶፕ ሲጠግን የዋለ ሰው እንደሆነ ከአጻጻፉ ያስታውቃል። ፕሮሰሰሩ 64 ቢት ነው፤ 3 ተሳስቷል። 32 ቢት የሆነው ዩኢኤፍአዩ ነው። ማብሪያውን ስትጫን ከሁሉ ቀድሞ ነቅቶ ዲስክ ወይም ፍላሽ የሚፈልገው ትንሽ ፕሮግራም ማለት ነው። በዚህ ቺፕ የተሠሩ ርካሽ ላፕቶፖችና ታብሌቶች አብዛኞቹ እንዲህ ጉራማይሌ ሆነው ነው የወጡት፤ ሆዱ 64፣ በሩ 32።

እሱ እንዳስረዳው፣ ፍላሹ ውስጥ ቡት አይኤ32 የሚባል ፋይል መኖር አለበት። እኔ ያዘጋጀሁት ላይ ያለው ለ64 ቢት የተሠራው ብቻ ነው። በር ላይ ያለው ዘበኛ ስምህን በሌላ ዝርዝር እየፈለገ ነው፤ ስላላገኘው እንዳልመጣህ ቆጠረህ። የእኔ ላፕቶፕ ዘበኛ ግን ዝርዝሩ ትክክለኛው ስለሆነ አስገባው። ሁለት ቀን ሙሉ ፍላሽ የቀያየርኩት በከንቱ ነበር ማለት ነው።

መፍትሔውንም አስከተለ። ዴቢያን የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ከ8ኛው ዕትሙ፣ ማለትም ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እነዚህን ማሽኖች ያውቃቸዋል፤ ሲጭንም ትክክለኛውን ማስነሻ ራሱ ያስቀምጣል። ዴቢያን 12 ደግሞ የዋይፋይ ፈርምዌር አብሮት ስለሚመጣ እንደ ድሮው ኬብል ፍለጋ አያስኬድም፤ ድጋፉም እስከ ሰኔ 2028 እ.ኤ.አ. ይዘልቃል። ለምን ዴቢያን 13 አልሆነም ለሚል፣ እጁ ላይ ያለው 12 ስለሆነ ብቻ ነው። 3 ጊጋ አካባቢ ዳታ ከማቃጥል ፍላሹን ሊያውሰኝ ፈቃደኛ ሆነ። በማግስቱ 11 ሰዓት ላይ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ተገናኘን። አመሰግናለሁ ብዬ ሳልጨርስ ታክሲ ውስጥ ገብቷል።

መልስ 7 እና 8

3 ተመለሰ። መጀመሪያውኑ ዩኢኤፍአይ ለማለት እንደፈለገ አስረዳ። 8 የሳቅ ምልክት ብቻ ነው፤ አሥራ አንድ ሰው ወዶታል።

መልስ 9፣ 10 እና 11

ኤክስፒ ጫንበትና ገላግለው የሚል አልጠፋም። የኤክስፒ ድጋፍ የቆመው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው፤ የሰው የክስ ፋይል በያዘ ላፕቶፕ ላይ አይሞከርም። 10 የጉግልን ሲስተም፣ ክሮም ኦኤስ ፍሌክስን አመጣ፤ 11 ደግሞ እሱም 4 ጊጋ ራም እንደሚጠይቅ አስታወሰው። እዚያው ተዘጋ።

መልስ 12

ይሄ ሰው የራሱን ጉድ ተናገረ። ከሦስት ዓመት በፊት እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ ሲጭን የትኛውን ዲስክ ላጥፋ ተብሎ ይጠየቃል። የሚያውቀው ስም ኤስዲኤ ነው። ሁልጊዜ የኮምፒውተሩ ዲስክ እሱ ነበርና መረጠው። በእነዚህ ትንንሽ ላፕቶፖች ላይ ግን ማከማቻው ቦርዱ ላይ የተበየደ ኢኤምኤምሲ ስለሆነ ስሙ በኤምኤምሲ ነው የሚጀምረው። ኤስዲኤ የተባለው ሳይነቅለው የረሳው ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ነበር። የሠርጉ ቪዲዮ በሙሉ እዚያ ላይ ነበር። ሚስቱ እስካሁን ሊኑክስ የሚለውን ቃል ቤት ውስጥ አታስጠራም።

ምክሩ ሁለት ነው፦ ስሙን ሳይሆን መጠኑን እይ፤ የማያስፈልገውን ሁሉ ከመጀመርህ በፊት ንቀል። እኔ ይህን አንብቤ ነው የአክስቴን ፋይል መጀመሪያ ሁለት ቦታ የገለበጥኩት።

መልስ 13፣ 14 እና 15

እዚህ ላይ ወሬው መንገድ ሳተ። 13 ዊንዶውስንና ሊኑክስን አንድ ላፕቶፕ ላይ አጣምሮ ጭኗል። ከሊኑክስ ወጥቶ ዊንዶውስ ሲከፍት ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። ጠዋት 4 ሰዓት የነበረ የሥራ ቃለ መጠይቅ ገና 1 ሰዓት ነው ብሎ ተኝቶ አምልጦታል። 14 ምክንያቱን አገኘሁት አለ፦ ሊኑክስ የእኛን የሰዓት አቆጣጠር አያውቅም።

15 በትዕግሥት አረመው። የእኛ አቆጣጠርና የፈረንጁ የሚለያዩት በ6 ሰዓት ነው፤ ይሄ ግን 3 ነው። ዊንዶውስ ቦርዱ ላይ ያለውን ሰዓት የአዲስ አበባ ሰዓት አድርጎ ያነበዋል። ሊኑክስ ደግሞ የዓለም አቀፉን ሰዓት ነው እዚያ ላይ የሚጽፈው፤ ከዚያ 3 ደምሮ ያሳያል። አንዱ የጻፈውን ሌላው በራሱ ቋንቋ ሲያነብ ነው የተዛባው። ሊኑክስን ቦርዱ ላይ የአገር ውስጥ ሰዓት እንዲጽፍ በአንዲት ትእዛዝ መንገር ይቻላል። ትእዛዟንም ጻፈለት። 13 አመሰገነ፤ ቃለ መጠይቁ ግን አልተመለሰለትም።

መልስ 16

ይሄን ሰው አልወደድኩትም። ሁለት ሳምንት ፍላሽ ይዞ ከመዞር ሠርቶ አዲስ መግዛት ነው፤ ሊኑክስ ሊኑክስ የምትሉት ድህነታችሁን ለማስዋብ ነው የሚል መንፈስ ያለው ነገር ጻፈ። መልስ ልጽፍለት ጀምሬ ሁለት ጊዜ አጠፋሁት።

መልስ 17 እና 18

17 በእኔ ፋንታ መለሰለት፤ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ምክር አይጠይቅም፣ ብር ይጠይቃል ብሎ አለፈው። 18 ደግሞ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ፒያሳ የነበረ አንድ ጠጋኝ አነሳ። እንዲህ ያለውን ላፕቶፕ በዓይኑ አይቶ ይናገርለት ነበር፤ በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ሱቁ ተነሳ፤ አሁን የት እንደገባ የሚያውቅ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። የሚያውቅ አልተገኘም። ብዙዎቻችን ግን ሰውየውን አውቀነዋል። ትሪ ሙሉ ብሎን ፊቱ አድርጎ፣ የቀዘቀዘ ማኪያቶ አጠገቡ አስቀምጦ የሚሠራው።

መልስ 19

አንድ አባት ናቸው የጻፉት፤ ያኔ ግን ማንም አላወቀም። የሁላችሁንም መልስ አንብቤያለሁ፣ አንዳችሁም ስለ ጽሑፉ አልጠየቃችሁም ብለው ጀመሩ። የአክስቴ የድሮ ፋይሎች በምን ተጻፉ? በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ ከሆነ፣ ዊንዶውሱን ከማጥፋቴ በፊት ቆም እንድል መከሩኝ።

ምክንያቱን በደንብ አብራሩ። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል መለያ ቁጥር ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ ፎንት ሠሪዎቹ የግዕዙን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር የሚሥሉት። ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው ላቲን ነው፤ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ነው። ፎንቱ ከሌለ የአሥር ዓመት ክስ ትርጉም የሌለው የፊደል ክምር ይሆናል። ፋይሉ አልጠፋም፣ ግን የሚያነበው የለም። ስለዚህ ከዊንዶውሱ የፎንት ማኅደር ውስጥ የግዕዞቹን ፋይሎች ሁሉ፣ አንድ ሳላስቀር እንድገለብጥ ነገሩኝ።

እውነቱን ልናገር፤ ይህ ጭራሽ አልታየኝም ነበር። እኔ የጨነቀኝ የሊኑክሱ ስም ነው።

መልስ 20

ሲያምር አይበርክት። አንድ ልጅ ተነሳባቸው። በአንተ ነው የጻፈላቸው። የተገዛ ሶፍትዌር ፎንት ገልብጦ ሌላ ሲስተም ላይ መጫን ስርቆት ነው፤ እንዳንተ ያለው ሰው ነው አማርኛን በድሮ ፎንት ላይ አስሮ ያስቀረው፤ ሁሉንም ወደ ዩኒኮድ ለውጦ መገላገል ነው። ከፊሉ እውነት አለው። አነጋገሩ ግን ጎረበጠ።

መልስ 21 እና 22

21 ልጁን ራሱ የሚጠቀምበት ዊንዶውስና ኦፊስ ክራክ ነው ወይስ ገዝቶት ነው ብሎ ጠየቀው። መልስ አልመጣም። 22 ሁለቱንም ሰደበ። ምን ብሎ እንደሆነ አልደግመውም፤ አሁን የለም።

መልስ 23

አድሚኑ ገባ። 22ን ማጥፋቱን አስታወቀ። የ19ኙ ጸሐፊ ጡረታ የወጡ፣ በጽሕፈት መኪና ጀምረው ኮምፒውተር ላይ የጨረሱ ሰው እንደሆኑ፣ ከዚህ ግሩፕ አባላት የብዙዎቹ አባት ሊሆኑ እንደሚችሉ ገለጸ። ስለ ፈቃዱም ተናገረ፤ አክስቴ ሶፍትዌሩን በሕጋዊ መንገድ ገዝታው ከሆነ ውሉን እንድናነብ፣ ካልሆነም ፎንቱን ፋይል እስኪለወጥ ብቻ እንድንጠቀምበት። ደረሰኙን አክስቴ አሁንም አላት። የፕላስቲክ ማኅደር ውስጥ፣ ከግብር ወረቀቷ ጋር።

መልስ 24

ልጁ ተመለሰ። ይቅርታ ጋሼ፣ አላወቅኩም ነበር ብሎ በአንቱ ጻፈ። ዩኒኮድን በተመለከተ ግን ሐሳቡን እንዳልለወጠ ጨመረ። እሳቸውም ልክ ነህ አሉት፤ እሳቸው ራሳቸው ፋይላቸውን ለውጠው ከጨረሱ ቆይቷል። የተከራከሩት ከመለወጡ በፊት መነበብ አለበት ብለው ብቻ ነው።

መልስ 25 እና 26

25 ስለ ፕሪንተር አስታወሰን። ኤችፒ ሌዘርጄት 1102 ከሆነ ኤችፒሊፕ የሚባለውን የፕሪንተር ሶፍትዌር ጭኜ፣ ተጨማሪውን ፕለጊን ከኢንተርኔት ማውረድ እንዳለብኝ። የአክስቴ እሱ ነው። ፕለጊኑን በሞባይል ዳታ አወረድኩት፤ አተመ።

26 የኪቦርዱን ነገር አመጣች፤ የመልስ 4ቷ ልጅ ናት። አይባስ በሚባለው የሊኑክስ መጻፊያ ላይ ያለውን፣ በላቲን ቁልፎች አማርኛ የሚያስጽፈውን ሴራ የተባለ አጻጻፍ፣ ወይም ኪይማን የሚባለውን ሶፍትዌር አማርኛ ኪቦርድ እንድሞክር፣ ግን ምርጫውን ለእኔ ሳይሆን ለአክስቴ ጣቶች እንድተው አሳሰበችኝ።

መልስ 27

እኔ ነኝ። ጫንኩት። ማስነሻ ምናሌው ላይ ፍላሹ ታየ። ዲስኩን በመጠኑ ለየሁት። መጫኑ አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ መሐል ላይ መብራት ሄደ፣ ባትሪው ግን አደረሰኝ። ሲያልቅ ሊብሬኦፊስ ጭምር ወደ 6 ጊጋ ነው የያዘው። ዚራም የሚባለውንም አበራሁ፤ ራሙ ውስጥ ያለውን እያመቀ ቦታ ያተርፋል።

ከዚያ አክስቴን ጠርቼ የ2003ቱን አንድ ፋይል ከፈትኩ። የላቲን ፊደል፣ ቃለ አጋኖ፣ የዶላር ምልክት፣ ተደበላልቆ ወረቀቱን ሞልቶታል። አክስቴ መነጽሯን አውልቃ አየችኝ። ምንም አላለችም፤ ከስድብ የባሰ ነበር። ሊብሬኦፊስን ዘጋሁ። የገለበጥኳቸውን ፎንቶች ስሙ በነጥብ የሚጀምር ድብቅ ማኅደር ውስጥ ከተትኩና እንደገና ከፈትኩት። ከላይ በስተግራ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚለው መጣ። ቀጥሎ ከሳሽ። ቀጥሎ ተከሳሽ። የተወሰኑ ምልክቶች ግን አሁንም ላቲን ናቸው። ሁለተኛውን የፎንት ፋይል ረስቼው ኖሯል፤ አንድ ሳታስቀር መባሌን እያስታወስኩ እሱንም ጨመርኩ።

ኪቦርዱ ላይ የፈተነችን ዐቃቤ ሕግ የሚለው ቃል ነው። ሕ እንደለመደችው በካፒታል ኤች ወጣ። ዐ ላይ ጣቷ ቆመ። ቁልፉ ሌላ ነው። አቃቤ ብለሽ ብታልፊውስ አልኳት። ሃያ ምናምን ዓመት በዐይኑ ዐ የጻፈች ሴትዮ እንዲህ ስትባል እንዴት እንደምታይ ለእናንተ እተወዋለሁ። ኪይማን ጫንኩላት፤ የቁልፎቹን ዝርዝር አተምኩና ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። በሦስተኛው ቀን ዝርዝሩ ላይ የቀጠሮ ወረቀት ተለጥፎበት አገኘሁት።

መልስ 28 እና 29

ጋሼ እንኳን ደስ አለሽ ለአክስትህ አሉ፤ አሁን ደግሞ በየቀኑ አሥር አሥር ፋይል ወደ ዩኒኮድ እንድንለውጥ አዘዙ። 29 የመልስ 3 ሰውዬ ነው። መጀመሪያ 64 ቢት መሆኑን ተናግሮ እንደነበር ጻፈ። አላረምነውም።

መልስ 30

የቀረ ችግር አለ ወይ ተብዬ ተጠየቅኩ። አለ። ድምፅ አይወጣም። ብዙ ነካካሁት፣ እስካሁን አልሆነልኝም። አክስቴ ግን ችግር መሆኑን አልተቀበለችም፤ ሱቋ ውስጥ ሬዲዮ አላት።

መልስ 31

16 ተመልሶ መጣ። እህቱ ጋር አንድ ትንሽ ላፕቶፕ እንዳለ፣ ፕሮሰሰሩም ዜድ3735ኤፍ እንደሆነ ጻፈ። ሰላምታም ጨምሯል። ወደ መልስ 6 መራሁት።

መልስ 32

6 ራሱ ነው። የሚያስፈልገው ፍላሽ እኔ ጋር መሆኑን፣ ከወሰድኩት ሦስት ሳምንት እንዳለፈው አስታወሰኝ። እውነቱን ነው፤ የአክስቴ መሳቢያ ውስጥ ከቴምብሮቹ ጋር ተቀምጧል። ቅዳሜ 4 ሰዓት፣ አብርሆት በር ላይ። 16ም እዚያው ይምጣ።